ጉና ብቻውን ሯጭ አይወልድም

ሰው ነፍስና ሥጋ ነው። ነፍሱን በምክርና በጸሎት፣ አእምሮውን በትምህርት የሚያንጽ ሰው ሥጋውን ግን እንደ ተከራየው ቤት ችላ ቢለው፣ ሕንፃው በአንድ ወገን ሲቆም በሌላው ወገን ይፈርስበታል። ይህ ለማንም የተሰወረ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በአገራችን፣ ይልቁንም በጉና ተራራ ዙሪያ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ፣ ስለ ሰውነት ማሠልጠን ሁለት ክፉ አሳቦች ሥር ሰድደው ይገኛሉ። አንደኛው ንቀት ነው፤ ሁለተኛው ከንቱ ውዳሴ ነው። ንቀቱ «ሩጫ የአሽከር፣ ኳስ የዱርዬ ነው» ይላል። ውዳሴው ደግሞ «የደጋ ልጅ ሲፈጠር ሯጭ ነው፤ ምን ማሠልጠን ያስፈልገዋል?» ይላል። እነዚህ ሁለቱ በአፍ የሚጣሉ ቢመስሉም በሥራ ወንድማማች ናቸው፤ የሁለቱም ፍሬ ሜዳው ባዶ ሆኖ መቅረቱ ነውና። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም መቃወም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድመህ እወቅልኝ።

በመጀመሪያ ንቀቱ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። በቀድሞው ዘመን የሰው ክብር ባካሄዱ ይለካ ነበር። ትልቅ ሰው በበቅሎ ይሄዳል፤ አሽከሩ ጠመንጃና ጋሻ ተሸክሞ በበቅሎዋ ጐን ዱብ ዱብ ይላል። ጌታው ከበቅሎው ሲወርድ እንኳ እርምጃው የተመጠነ፣ ድምፁ ዝግ ያለ መሆን ነበረበት። የቸኰለ ሰው ወይ የቸገረው፣ ወይ የታዘዘ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ መሮጥ የመታዘዝ ምልክት፣ መቀመጥ የማዘዝ ምልክት ሆነ። በእጅ ሥራም ላይ የደረሰው እንደዚሁ ነው። ማረሻውን የሚሠራለትን ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ፣ ሸማውን የሚሸምንለትን ሰው ቁጢት በጣሽ እያለ የሚሰድብ ሕዝብ፣ ላብ የሚያወጣውን ሰውነት ሊያከብር አይችልም ነበር። ይህ ስድብ አገር የሚጐዳ መሆኑን ዐፄ ምኒልክ ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ምላስን በጥቂቱ ገታ፤ የልብን ንቀት ግን አዋጅ አይሽረውም።

ይህ ሕመም የእኛ ብቻ ነው ብሎ ማፈር አይገባም። በእንግሊዝ አገር ሄንሊ በሚባለው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር በ1871 ዓ.ም. የወጣው ደንብ፣ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ ከጨዋ ልጆች ጋር እንዳይወዳደር ይከለክል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በክንዱ የሚሠራ ሰው ከተቀማጩ የጌታ ልጅ ይልቅ ክንዱ የበረታ ነው። መሸነፍን የፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸውን ክብር ብለው ሰየሙት። እንግዲህ የኛ ባላባት አሽከሩን «አንተ ሩጥ፣ እኔ ልቀመጥ» ሲል፣ የእንግሊዙ ባላባት ደግሞ «እኔ ልቅዘፍ፣ አንተ አትቅረብ» ሲል፣ ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው። የሰውነት ማሠልጠን ለማን እንደሚፈቀድና ለማን እንደሚከለከል የወሰነው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው ልማድ ነው ማለት ነው። ልማድ የወሰነውን ደግሞ ልማድ ሊለውጠው ይችላል።

ስለዚህም ነገር ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስፈሰሱ። 70 ኩንታል ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በገደልና በወንዝ፣ በበሽሎ በረሃ በኩል እየተጐተተ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። በመንገድ ጠረጋው ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። እንግዲህ የነገሥታት ንጉሥ ድንጋይ ማንሣትን ካላፈረበት፣ የቄስ ልጅ ነኝ፣ የባላገር ጌታ ልጅ ነኝ፣ የባለሱቅ ልጅ ነኝ ብሎ ገመድ መዝለልን የሚያፍር ተማሪ ምን ዓይነት ክብር ይዞ ነው?

ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላም ትምህርት እንውሰድ። ያንን መድፍ የጐተተው ሕዝብ በትእዛዝ ጐተተ እንጂ ወዶ አልጐተተም። ትከሻው ቈሰለ፤ ብዙውም ሸሸ። ጉልበት መኖሩና ጉልበት መሠልጠኑ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑ በዚህ ይታወቃል። «ገበሬ ምን ስፖርት ያሻዋል? ሥራው ይበቃዋል» የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት አያስተውሉም። እርሻ ወገብን ያጐብጣል፤ ሸክም ትከሻን ያጣምማል፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲመልስ ቢውል እግሩ ይጸናል፣ ነገር ግን የተጐበጠውን የሚያቀና እንቅስቃሴ ማንም አላስተማረውም። ከዚህም በላይ ጨዋታ ሥራ የማያስተምረውን ሦስት ነገር ያስተምራል። ደንብ አክብሮ መፎካከርን፣ ሲያሸንፉ አለመታበይን፣ ሲሸነፉ ቂም አለመያዝን። በደም መመላለስ ስንት ቤት የጠፋበት አገር፣ ተሸንፎ እጅ መጨባበጥን የሚያስተምር ሜዳ አያስፈልገውም የሚል ማን ነው?

አንዳንዶች ደግሞ ንቀታቸውን በሃይማኖት ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። «ጨዋታ የዓለም ነው፤ ሥጋን ማጠንከር ነፍስን ማድከም ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ልማድ አያውቁትም። ከተማይቱ ስሟን የወሰደችው ከታቦር ተራራ ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ቀን ሲውል እረኛው ሁሉ ጅራፉን ገምዶ ያጮኻል፤ የዚህ መንደር ልጅ ከዚያ መንደር ልጅ ጋር ይጋጠማል። በልደት ቀን የገና ጨዋታ አለ፤ በዚያች ቀን ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ሩር ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ ጌታው ቢመታ እንኳ አይቈጣም። በጥምቀት ፈረስ ጉግስ አለ። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ከበዓላቷ ጋር አስማምታ አኖረቻቸው እንጂ አላባረረቻቸውም።

ስለ ማኅሌቱም ቢሆን እንመልከት። ከፎገራ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና የጣና ማዕበልና የደንገሉ መወዛወዝ አሳስቧቸው አዲስ ዝማሜ እንደ ደረሱ ይነገራል። የጐንደር ሊቃውንት በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ልጃቸው ተክሌ ግን በደብረ ታቦር አስተማረውና እስከ ዛሬ ተክሌ እየተባለ በስሙ ይጠራል። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ይዞ ቆሞ የሚያዜም፣ ግራና ቀኝ እየተዘናበለ የሚዘምም ደብተራ ሰውነቱን አላሠለጠነም ልንል እንችላለንን? እግሩን ያላጸና ሰው ማኅሌት አይቆምም። አዲስ እንቅስቃሴ በመጀመሪያ ቢነቀፍም፣ የሚያስተምረው ጽኑ ሰው ካገኘ ኋላ ክብር እንደሚሆን የተክሌ ዝማሜ ራሱ ምስክር ነው።

የቀድሞው ጨዋታ ግን ጉድለት አልነበረውም አልልም። የዓመት አንድ ቀን ነው፤ የወንዶች ብቻ ነው፤ ዳኛ ስለሌለውም ብዙ ጊዜ በድብድብ ያልቃል። ለዚህ መድኃኒቱን በክልላችን ውስጥ የአገው ሰዎች አሳይተውናል። በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ የአድዋን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ተመሥርቶ በዓሉን በየዓመቱ በጥር 23 ቀን ያከብራል። የአባቶችን ጨዋታ በማኅበርና በደንብ ስለ ያዙት ከልጅ ወደ ልጅ ተሻገረ። እኛ ግን ጅራፉን ለእረኛ፣ ገናውን ለትዝታ ትተን ተቀምጠናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፉ አሳብ፣ ወደ ከንቱው ውዳሴ እንለፍ። ይህኛው ከንቀቱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የተመሰገነ ሰው የጐደለውን አይፈልግምና። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በትከሻው ላይ ገብስና ድንች ይበቅላል፤ በራሱ ላይ ጅብራ ቆሞ ይታያል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ ደም በማብዛት ራሱን ያስማማል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «እንግዲህ ሁላችን ሯጮች ነን» ማለት ከዚህ አይከተልም። የቲቤት ሕዝብ ከእኛ ከፍ ባለ አገር ይኖራል፤ በቦሊቪያ ላ ፓዝ የተባለችው ከተማ ከ3600 ሜትር በላይ ናት። በረዥም ርቀት ሩጫ ስማቸው ገንኖ አልተሰማም። ከፍታ ሯጭ ቢፈጥር ኖሮ የዓለም ሜዳልያ ሁሉ በእነርሱ አንገት ላይ በተንጠለጠለ ነበር።

የበቆጂን ነገር አስተውሉ። በአርሲ ያለችው በቆጂና በበጌምድር ያለችው ደብረ ታቦር ሁለቱም ከ2600 ሜትር በላይ የተቀመጡ የገብስ አገር ከተሞች ናቸው። ብርዱ አንድ ነው፤ አየሩ አንድ ነው፤ የገበሬው ኑሮም ይመሳሰላል። ከበቆጂ አካባቢ ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተው በኦሊምፒክ ወርቅ አገኙ። የጉና ልጅ በዚያ ልክ ስሙ ያልተጠራው ስለ ምንድን ነው? ደሙ ስለ ቀጠነ ነውን? አይደለም። በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ እንደ ዕረፍት አልቈጠሩትም፤ ሕፃናቱን ጠዋት ጠዋት እየሰበሰቡ፣ ማን ምን እንደሚችል እየለዩ፣ ዓመት ከዓመት ሳይታክቱ አሠለጠኑ። አንዱ ልጅ ሲሳካለት ሁለተኛው አየ፤ ሁለተኛው ሲሳካለት ወላጅ አመነ፤ ወላጅ ሲያምን ሩጫ በዚያ ከተማ ነውር መሆኑ ቀርቶ የክብር መንገድ ሆነ። ተራራው በቦታው ነበር፤ የጐደለው መምህር ነበር።

ስለ አበበ ቢቂላም የሚነገረው ተረት እንደዚሁ መታረም አለበት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ። ባዶ እግሩን ብቻ የሚያነሣ ሰው «ሳይማር በተፈጥሮው አሸነፈ» ይላል። ይህ አበበን ማመስገን ሳይሆን ድካሙን መካድ ነው። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ በሥርዓት አሠልጥኖታል። በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ድል ያገኘው ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት 5 ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ሩጫውን እንደ ጨረሰም ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣና እየጣለ ጅምናስቲክ ሲሠራ ዓለም ተመለከተው። ልብ በሉ፤ ያ ጅምናስቲክ በትምህርት ቤታችን ተማሪ የሚስቅበት ጅምናስቲክ ነው።

ከዚህ ሌላ የታሪክ ክንድ የሰውን እግር ሲይዝና ሲለቅ አይተናል። ጠላት አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኢትዮጵያዊ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። በጥር 1954 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ አምበሉ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ጠላት በዘር የለየውን ሜዳ አንድ አደረገው። ምሩፅ ይፍጠር በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ድረስ ሄዶ፣ አፍሪካውያን ውድድሩን ስለ ተዉ ሳይሮጥ ተመለሰ፤ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ እግሩ ያው እግር ነበር። ከዚያም በ1976ና በ1981 ዓ.ም. አገራችን ከኦሊምፒክ ስትቀር በእነዚያ ዓመታት የደረሱ ሯጮች ዕድላቸው ባከነ። እንግዲህ «የቻለ ይሮጣል፣ ያልቻለ ይቀራል» የሚል ሰው የሩጫን ነገር ገና አላወቀም። ብዙ የቻለ ቀርቷል።

ከቀሩትም ሁሉ በቍጥር የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣውን ልጃገረድ «ሴት ደካማ ናት፤ መሮጥ አይሆንላትም» ሲሏት ከመሳቅ በቀር ምን ይባላል? ያዘለችውን እንስራ ይህን የሚለው ወንድ ለግማሽ መንገድ ይዝለውና ይፈተን። ይህም በደል የእኛ ብቻ አልነበረም። በ1920 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ሲደክሙ የታዩ እንደ ሆነ፣ ለሴት አይገባም ተብሎ ሩጫው ከኦሊምፒክ ተሰረዘ፤ የተመለሰው በ1952 ዓ.ም. ነው። ወንድ ሮጦ ቢወድቅ ጀግና፣ ሴት ሮጣ ብትደክም ደካማ የሚያሰኝ ሚዛን በአውሮፓም ነበረ። በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10000 ሜትርን ስታሸንፍ ያ ሚዛን ተሰበረ። በእኛ አገር ግን የሴት ልጅን እግር የሚያስረው ዋናው ገመድ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል፤ በመንደር ግን ሽማግሌ ከሕግ ቀድሞ ይደርሳል። በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ በስንት ዓመቷ ትሮጣለች? «እግሯን ከፍታ ስትዘል ማን ያገባታል?» የሚል አባት ቢኖር፣ ልጁን ለጤናዋ ሳይሆን ለገበያ እያሳደጋት መሆኑን ይወቅ።

በትምህርት ቤትስ ምን እናያለን? በብዙ ስፍራ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በወረቀት ላይ አለ፤ በሜዳ ላይ የለም። ፈተና ሲቃረብ በመጀመሪያ የሚወሰደው እርሱ ነው፤ ለሒሳብ ይሰጣል፣ ለፊዚክስ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለማይጠየቅ ተማሪው ዋጋ አይሰጠውም፤ ርእሰ መምህሩም አይከራከርለትም። አንድ ኳስ ተጥሎ 20 ወንዶች ያሳድዳሉ፤ ሴቶቹ ደብተር ይዘው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ለሁሉም መልካም ነጥብ ይሰጣል። ይህ ስጦታ ስድብ ነው። በሒሳብ ያልሠራውን ማለፊያ መስጠት ነውር ከሆነ በሰውነት ያልሠራውን ማሳለፍ ስለ ምን ደግነት ይባላል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። «ቍርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ ማስሮጥ ጭካኔ ነው» ይባላል። እውነት ነው። የራበው ልጅ አስቀድሞ ይብላ። ነገር ግን ይኸው ክርክር የራበው ልጅ ሒሳብም አይገባውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን እንዝጋ የሚል የለም። ረኀብ ምግብን ለመጨመር ምክንያት ይሁን እንጂ ሜዳን ለመዝጋት ሰበብ አይሁን። ጦርነትም እንደዚሁ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው እስከ ጉና አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣውም ግጭት በክልላችን እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ልጅ ያጣ ሜዳ ከፈረሰ ቤት ይልቅ ያሳዝናል። የዚህ ሐዘን መድኃኒቱ ግን ልጆቹን መመለስ ነው፤ ሜዳውን መርሳት አይደለም።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ፤ ወቀሳው ለሽማግሌዎች ብቻ አይቅር። ዛሬ በየከተማው ገንዘብ ከፍላችሁ በጨለማ ቤት ተጣብባችሁ የእንግሊዝን ኳስ ታያላችሁ። የአርሴናልንና የማንቸስተርን ተጫዋች እስከ አያቱ ታውቃላችሁ፤ ኳስ ከመታችሁ ግን ስንት ጊዜ ሆነ? ከዚህም ብሶ በውርርድ ቤት የቀን ሥራችሁን ዋጋ በሌላ ሰው እግር ላይ ታስይዛላችሁ። አያቶቻችን ባላባቱ ሲቀመጥ አሽከሩ ሮጠ ብለን ወቀስናቸው። እናንተስ? ሌላው እየሮጠ እናንተ ተቀምጣችኋል፤ የሚያስከፍለውም ተቀማጩን ነው። ባላባቱ እንኳ ተቀምጦ አልከሰረም ነበር!

ስለዚህ የምመክራችሁ ብዙ አይደለም። ሩጫ ጫማ እስኪገዛ አይጠብቅም፤ የጨርቅ ኳስ ደንብ ካለው ኳስ ነው። ዳኛ ምረጡ፤ ዳኛው ሲፈርድባችሁ እሺ በሉ። የተሸነፈውን አትስደቡ። እኅታችሁ ስትወጣ አትሳቁባት፤ የሚስቀውንም ዝም አሰኙት፤ እንስራውንም ተቀበሏትና ጊዜ ታግኝ። ነገ መምህር የምትሆኑም የስፖርትን ክፍለ ጊዜ እንደ አደራ ጠብቁት፤ በበቆጂ አንድ መምህር ያደረገውን በጋሳይም፣ በክምር ድንጋይም፣ በእስቴም አንድ መምህር ሊያደርገው ይችላል። ወርቅ ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በደንብ መፎካከርና ያለ ቂም መሸነፍ ግን ለሁሉ የተዘረጋ ነው።

ጉና እግዚአብሔር የሰጠን ተራራ ነው፤ አልሠራነውም፣ ልንመካበትም አይገባንም። የሠራነው ንቀቱን ነው፤ ልናፈርሰው የሚገባንም እርሱን ነው። ተራራ ቆሞ ያያል እንጂ አይሮጥም፤ የሚሮጠው ሰው ነው።